የአዊ ነጋዴ ሰዓትና የባሕር ማዶ የሰዓት ለውጥ

በንግድ ሥራ ውስጥ ሰዓት እንደ ሚዛንና እንደ ሜትር ያለ መለኪያ ነው። የተጓደለ ሚዛን ደንበኛን እንደሚያሸሽ ሁሉ፣ የተዛባ ሰዓትም ቀጠሮ ያፈርሳል፤ ጭነት ያስቀራል፤ ከውድድርም ያስወጣል። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ነጋዴ ማልዶ የሚነሣው አውቶቡስ ካመለጠው የሚባክንበት አንድ ሰዓት ሳይሆን አንድ ሙሉ ቀን ነው። ለመንግሥት ጨረታ የተዘጋጀ ሰነድም ሣጥኑ ከታሸገ በኋላ ቢደርስ፣ ዋጋው የቱንም ያህል የተሻለ ቢሆን፣ ሳይከፈት ይመለሳል።

ቀድሞ ነጋዴውን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሱት የዶሮ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና በቁልፍ የሚጠመዘዘው የጠረጴዛ ሰዓት ነበሩ። ዛሬ ይህ ሥራ በከተማም ሆነ በገጠር ለእጅ ስልክ ተላልፏል፤ በስልኩ ውስጥ ያለው የማንቂያ ደወል፣ በተለምዶ አላርም የሚባለው፣ ለብዙው ሰው ብቸኛው ቀስቃሽ ሆኗል። ይሁን እንጂ በጠረጴዛ ሰዓትና በስልክ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የጠረጴዛው ሰዓት ሰው ካልነካው በቀር ከሞሉት ላይ ንቅንቅ አይልም። ስልኩ ግን የዓለም ከተሞችን የሰዓት ደንብ በሆዱ ይዞ የሚዞር በመሆኑ፣ ባለቤቱ ሳያዘው ሰዓቱን ሊለውጥ ይችላል።

የዚህ ለውጥ ምንጭ በአዊ ምድር የለም። በኢትዮጵያ በበጋም ሆነ በክረምት ሰዓት አይቀየርም፤ የአገሪቱ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት እንደቀደመ ይኖራል። ለመቀየርም ምክንያት የላትም። እንጅባራና ዳንግላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ አካባቢ የሚገኙ ስለሆኑ፣ የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። በለንደን ግን ይህ ልዩነት ከ8 ሰዓት በላይ ይደርሳል። እንዲያውም የአገሪቱ ሰዓት የሚለካበት የ45 ዲግሪ መስመር ከአዊ በስተ ምሥራቅ ርቆ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በእንጅባራ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ የአዊ ሰዓት ከፀሐይዋ በግማሽ ሰዓት እንደቀደመ ይኖራል ማለት ነው።

የሰሜኑ ዓለም አገሮች ግን የበጋው ብርሃን በእንቅልፍ እንዳይባክን ብለው ሰዓታቸውን በጸደይ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በመኸር ደግሞ ወደ ነበረበት ይመልሳሉ። ይህን በአገር ደረጃ መጀመሪያ የደነገገችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1916፣ ጀርመን ስትሆን፣ ብሪታንያም በዚያው ዓመት ተከተለች፤ አሜሪካ በ1918 ገባችበት። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ብሪታንያ የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው፤ እነዚህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመጋቢትና በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ይውላሉ። አሜሪካ ግን በጸደይ ከአውሮፓ 2 ወይም 3 ሳምንት ትቀድማለች፤ በመኸር ደግሞ 1 ሳምንት ትዘገያለች።

ይህ የሩቅ አገር ደንብ ወደ ዳንግላ ሱቅ የሚገባው በአንድ ቀላል መንገድ ነው። ብዙ ስልክ በባሕር ማዶ ካለ ዘመድ በስጦታ ይመጣል፤ ወይም አገልግሎ ይሸጣል። የስልኩ ሰዓት ራሱን ከኔትወርክ እንዲያስተካክል ካልታዘዘ፣ የቀድሞ ባለቤቱን ከተማ እንደያዘ ይቀራል። ከተማው ቤይሩት፣ ቴል አቪቭ ወይም አቴንስ ቢሆን ነገሩ ይበልጥ ተንኮለኛ ይሆናል። እነዚህ ከተሞች በበጋ ወራታቸው ከኢትዮጵያ ጋር ትክክል አንድ ሰዓት ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ በግንቦት የተገዛ ስልክ ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ያለ አንዳች ጉድለት ይቆጥራል፤ ባለቤቱም ያምነዋል። በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ ግን በአንድ እሑድ ሌሊት ስልኩ በዝምታ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እንዲደውል የተሞላው አላርም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይደውላል፤ የ11 ሰዓቱ አውቶቡስም መንገዱን ይዟል። ሰውየውም ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል እንጂ፣ ስልኩ የሌላ አገር ሕግ እንዳከበረ አይጠረጥርም።

ሁለተኛው ችግር ከአገር ውስጥ የሚመነጭ ሲሆን፣ ይኸውም የሁለቱ አቆጣጠር መደባለቅ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከንጋት፣ የስልኩ ሰዓት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ስለሚነሣ በመካከላቸው የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። በአማርኛ የሚሠሩ ስልኮች ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ያለውን ጊዜ «ጥዋት»፣ ከቀትር በኋላ ያለውን «ከሰዓት» ብለው ስለሚጽፉ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመነሣት የሚፈልግ ሰው በስልኩ ላይ መሙላት ያለበት «5:00 ጥዋት» ብሎ ነው። እርሱ ግን በለመደው ቋንቋ «11:00 ጥዋት» ብሎ ቢሞላ፣ ደወሉ የሚሰማው ረፋድ ላይ፣ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ በ5 ሰዓት ይሆናል።

ከዚህ ለመዳን አንዳንዱ የስልኩን ሰዓት በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በአገር ቤት አቆጣጠር ያስኬደዋል። ይህም የራሱ መዘዝ አለው። እንዲህ በተሞላ ስልክ ቀኑ የሚለወጠው በንጋት ስለሆነ፣ የቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ለስልኩ ገና ዓርብ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ወዳለችው፣ ስሟም ቅዳሜን ወደያዘው ወደ አዲስ ቅዳም ማልዶ ለመሄድ «ቅዳሜ» ብሎ አላርም የሞላ ነጋዴ፣ ስልኩ የሚቀሰቅሰው እሑድ ሊነጋ ሲል ነው። ከዚህም በላይ ሰዓቱ በእጅ የተዛባ ስልክ ከባንክና ከክፍያ መተግበሪያዎች ጋር መግባባት ሊያቅተው ይችላል፤ እነዚህ የደንበኛውን ማንነት ሲያረጋግጡ የስልኩን ሰዓት ከራሳቸው ጋር ያመሳክራሉና።

ሌላው ብልሃት ከኢትዮጵያ 6 ሰዓት የሚዘገይ የደቡብ አሜሪካ ከተማ መርጦ ስልኩን በዚያ መሙላት ነው። የቀኑ መለወጫ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ከላይ ሲያዩት ብልህነት ይመስላል። ነገር ግን ከተማው የቺሊዋ ሳንቲያጎ ከሆነ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ሰዓቱ ይቀየራል። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ከሆነም አሮጌ ስልክ አያስተማምንም። ብራዚል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የበጋ ሰዓትን ስትሽር፣ አዲሱ ደንብ ያልደረሳቸው ብዙ ስልኮች በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ በቀድሞው ልማድ ራሳቸውን ቀይረው የአገሬውን ሰው ካለ ሰዓቱ ቀስቅሰዋል።

የስልክ ሠሪዎችም ከስሕተት ነፃ አልነበሩም። በ2010 መኸር አውሮፓ ሰዓቷን ወደ ኋላ በመለሰች ማግሥት፣ በአይፎን ስልኮች ላይ በየቀኑ እንዲደውሉ የተሞሉ አላርሞች አንድ ሰዓት ዘግይተው ደወሉ፤ ብዙ ሠራተኛም ከሥራው ዘገየ። በ2011 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ደግሞ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሞሉ አላርሞች ጨርሶ ሳይደውሉ ቀሩ። መንግሥት ራሱ ሰዓት ያደናገረበት ጊዜም አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩባት በሊባኖስ፣ በማርች 2023 መንግሥት የሰዓቱን ለውጥ ከረመዳን በኋላ ይሁን ብሎ በመጨረሻው ሰዓት ቢያውጅ፣ አንዳንድ ተቋሞች አንቀበልም ብለው በቀድሞው ደንብ ቀየሩ፤ ለጥቂት ቀናትም በአንዲት አገር ሁለት ሰዓት ሠራ፤ ውሳኔው እስኪሻር ድረስ።

ከውጭ አገር ጋር ለሚሠራ ነጋዴ ነገሩ ከእንቅልፍ ያለፈ ነው። በዋሽንግተን ያለ ደንበኛ ሁልጊዜ በእርሱ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሚደውል ከሆነ፣ ጥሪው ዳንግላ የሚደርሰው በአሜሪካ ክረምት ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በበጋቸው ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከለንደን በክረምታቸው በ3፣ በበጋቸው በ2 ሰዓት ይቀድማል፤ ከጀርመን ደግሞ በ2 እና በ1። ዱባይ፣ ጅዳና የቻይና ከተሞች ሰዓት ስለማይቀይሩ ከእነርሱ ጋር ያለው ቀጠሮ ዓመቱን ሙሉ የጸና ነው። ቱርክም ከ2016 ጀምሮ መቀየሩን ትታ ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ሰዓት ላይ ረግታለች። ግብፅ ግን ትታው የነበረውን የሰዓት ለውጥ በ2023 መልሳ አምጥታለች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አንደኛ፣ የስልኩ ሰዓትና የሰዓት ቀጠና ራሱን በራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ፤ ይህ ካልሆነም አዲስ አበባን፣ እርሷ በዝርዝሩ ከሌለች ናይሮቢን መምረጥ ይገባል፤ ሁለቱም አንድ ሰዓት ላይ ናቸው፤ አይለወጡምም። ሁለተኛ፣ የአገር ቤቱን አቆጣጠር ማየት የሚወድ ሰው የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ስላሉለት የስልኩን ሰዓት መንካት አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ብዙ ስልኮች አላርም ሲሞላባቸው ለመደወል ስንት ሰዓትና ስንት ደቂቃ እንደቀራቸው በጽሑፍ ይገልጻሉ። ይህን ጽሑፍ ሳያነቡ መተኛት አይገባም። ከምሽቱ 3 ሰዓት የተኛ ሰው ለሌሊቱ 11 ሰዓት የቀረው 8 ሰዓት ነው፤ ስልኩ 14 ሰዓት ቀረ ካለ በአቆጣጠሩ ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው። ቀሪው ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አይገኝም። የስልኩ ሰዓት ራሱ የተሳሳተ እንደሆነ ግን በሬዲዮ የሰዓት ማብሠሪያ ወይም በጎረቤት ስልክ ማመሳከር ነው።

አራተኛ፣ ቀጠሮ በጽሑፍ ሲያዝ ሁለቱን አቆጣጠሮችና የከተማውን ስም አብሮ መጻፍ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ «ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማለት በአዲስ አበባ 15:00» ተብሎ ቢጻፍ ለክርክር ቦታ አይተርፍም። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባሕር ዳር አውሮፕላን ለመሳፈር የሚሄድ መንገደኛም በትኬቱ ላይ 07:00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት መሆኑን አስቀድሞ ቢያሰላ፣ ቲኬቱን በእጁ ይዞ ከአውሮፕላኑ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ለትልቅ ላኪ ብቻ የተባለ አይደለም። የባንጃን ድንች ወይም የፋግታ ለኮማን ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴም ከሹፌሩ፣ ከጫኞቹና ከተረካቢው ጋር የሚገናኘው በሰዓት ነው። የከተማ ንግድ ምክር ቤቶችና የነጋዴ ማኅበራት የባሕር ማዶ ሰዓት የሚቀየርባቸውን ቀኖች በየመጋቢቱና በየጥቅምቱ ለአባሎቻቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉ፣ የስልክ ሻጮችም ያገለገለ ስልክ ሲያስረክቡ የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ ቢመልሱ፣ አንድ ወረቀትና አንድ ደቂቃ በማይሞላ ድካም ብዙ የቀን ገቢ ከመጥፋት ይድናል።