የሰባተኛዋ አህያና የሚወራባት

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ። አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ሰፈር ላይ ጤፍ የተጫነች አህያ መንገድ መሀል ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላዋ ሚኒባስ ክላክሱን ያንባርቃል፣ ተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» ይላሉ፣ ነጂው ወጣት ዱላውን አነሳ። «አንቺ አህያ!» አላት። ምስኪን፣ ስድቧም ስሟ ነው።

ፊቷ ያለው የዝናብ ውሃ ነበር፤ ስፋቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ከኋላ ሁለት አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ደረሱና «ተው ልጄ፣ አትምታት። ጥልቀቱ አልታያትም» አሉት። የራሳቸውን አንዷን አህያ በዳር በኩል ዞር አድርገው አሳለፏት፤ የቆመችውም ያለ ዱላ ተከተለቻት። እኔ በበኩሌ ከሳምንት በፊት ያንኑ ውሃ ረግጬ ለማለፍ ስሞክር እስከ ጉልበቴ ገብቻለሁ፤ ከሥሩ ክዳኑ የተነሳ ቦይ አለ። እንግዲህ ከሁለታችን ማን ነው አህያ?

ሰባተኛና እህል በረንዳ የዋለ ሰው አህያ ሳያይ አይውልም። ስለ አህያ የሚያውቀውን ግን ያገኘው በዓይኑ አይቶ አይደለም፤ ከተረት፣ ከስድብና ከወሬ ነው። «ግትር ናት» የሚለው የሁሉም በኩር ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል። ዘመዶቹ በሰፊ ሜዳ በመንጋ የኖሩ ናቸውና መሮጥ ያዋጣቸዋል። የአህያ ዘመዶች የኖሩት ግን ድንጋያማ በረሃ ላይ ነው። ግጦሹ ስስ ስለሆነ ተበታትነው ይግጣሉ፤ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሮጥ መንጋ የለም። እንዲህ ላለ እንስሳ ሳያዩ ከመፈርጠጥ ቆም ብሎ ነገሩን ማጤን ይሻላል። ስለዚህ አህያ ስትጠራጠር ትቆማለች። የገባት ሲመስላት ወይም ሌላዋ ስታልፍ ካየች ትሄዳለች። ዱላው የሚጨምርላት ሁለተኛ ፍርሃት ብቻ ነው፤ ፊቷ ጉድጓድ፣ ከኋላዋ ዱላ።

ስለ ዘሯ የሚወራውም ከእውነቱ የራቀ ነው። አህያን ከእንስሳት ሁሉ ዝቅ አድርገን እናያታለን፤ ከሌላ አገር የመጣች ዕቃ ተሸካሚ ትመስለናለች። የሩቅ ቅድመ አያቶቿ ዘመድ የሆነው የዱር አህያ ግን ዛሬም በአፋርና በኤርትራ ደናክል በረሃ ይገኛል። የቀረው ቁጥሩ በጥቂት መቶዎች የሚገመት ነው፤ ከዓለም ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታም ተመድቧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የ207 የዘመናችን አህዮችንና የ31 ጥንታውያንን ዘረ መል መርምሮ ነበር። አህያ የተላመደችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከ7,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ነው የሚል ውጤት ላይ ደረሰ። በግብፅ አቢዶስ ከጥንታዊ ንጉሥ መካነ መቃብር አጠገብ የ10 አህዮች አፅም ተገኝቷል፤ ወደ 5,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። በክብር የተቀበሩ ናቸው። አጥንታቸው ላይ ግን የከባድ ጭነት ጉዳት ይታያል። የእህል በረንዳ አህዮችም አጥንት አንድ ቀን ቢመረመር ያንኑ ታሪክ ሳይናገር አይቀርም።

ትከሻዋ ላይ ያለውን መስቀል መሳይ ጥቁር መስመር በሆሳዕና ዕለት ጌታን ስለተሸከመች የተሰጣት ምልክት ነው የሚሉ አሉ። ከእምነቱ ጋር ክርክር የለኝም። መስመሩ ግን ማንንም ተሸክመው በማያውቁት የኑቢያ የዱር አህዮች ትከሻ ላይም ነበረ።

አሁን ወደሚያመው ነገር እንምጣ። «አህያ አያማትም፣ ውሃም አትጠማም» ይባላል። ይህን የሰማሁት ከክፉ ሰዎች አይደለም፤ አህያቸውን ከሚወዱ ሰዎች ጭምር ነው። ነገሩ መሠረት የለውም እንዳይባል አንድ ፍንጭ አለው። በዱር የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ካሳየ አዳኙ መጀመሪያ እሱን ይመርጣል፤ አህያም ሕመሟን ትደብቃለች። ፈረስ መሬት ላይ በሚንፈራገጥበት የሆድ ቁርጠት አህያ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፣ መብላት ትቀንሳለች፣ ከጓደኞቿ ትለያለች። ነጂው «ዛሬ ደከማት» ይላል። ባለሙያ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል።

ገጣባውን ደግሞ ማንም ሊያየው ይችላል። አንድ ቀን የተራገፈች አህያ ጀርባ ላይ የተደረበው ማዳበሪያ ሲነሳ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከሥሩ የእጅ መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ የነጣ፣ መሀሉ ቀይ ቁስል አለ፤ ላዩ ላይ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ተቀብቷል። ዝንቡ በእርግጥ ይሸሻል፤ ዘይቱ ግን ቁስሉን ያቃጥላል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ቁስሉ የሚፈልገው በንጹሕ ውሃና በጨው መታጠብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭነት የሌለበት ቀን ነው። ከሥር የሚደረበው ነገርም ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ የጀርባ አጥንቷን ነጻ መተው አለበት፤ ጭነቱ በጎንና በጎኗ እንዲያርፍ። አብዛኞቹ የአገራችን አህዮች ከ100 እስከ 150 ኪሎ የሚመዝኑ ናቸው። አንድ ኩንታል ጤፍ የተሸከመች አህያ እንግዲህ ከክብደቷ ሁለት ሦስተኛውን፣ አንዳንዴም ራሷን የሚያህል ሸክም ይዛለች ማለት ነው።

ስለ ውሃው፦ ክኑት ሽሚት-ኒልሰን የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰሃራ ባደረገው ሙከራ መሠረት አህያ የክብደቷን 30 በመቶ ያህል በውሃ ጥም አጥታ እንኳ በሕይወት ትቆያለች፤ ውሃ ስታገኝ ደግሞ የጎደላትን በጥቂት ደቂቃ ትተካለች። ይህ ጥም የመቻል ተሰጥኦ ነው እንጂ አለመጠማት አይደለም። ከሌሊት ጀምራ ተጭና እስከ ቀትር ባልዲ ያልቀረበላት አህያ ዝም ስላለች ጠጥታለች ማለት አይደለም።

በከተማችን ደጋግሞ የሚነሳው ሌላው ወሬ የአህያ ሥጋ ነው፤ «እገሌ ሰፈር ጥብስ ውስጥ ተገኘ» ይባላል። አህያን ከመንገዳችን የሚያጠፋት ግን ሥጋዋ አይደለም፤ ቆዳዋ ነው። ከቆዳዋ የሚቀቀለው ሙጫ ኤጂያዎ ይባላል፤ በቻይና ባህላዊ መድኃኒትነቱ ብዙ ገዢ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ የነዋሪው ቁጣ በርትቶበት በዚያው ዓመት ተዘጋ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ። ኢትዮጵያ ከ8 ሚሊዮን በላይ አህያ ስላላት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ስለዚህ «አያልቁም» የሚል አይጠፋም። አህያ የምታረግዘው ግን አንድ ዓመት ያህል ነው፤ የምትወልደውም አንድ ውርንጭላ ነው። እንደ ዶሮ አትተካም።

የአህያ ነገር ተነሥቶ ጅብ ሳይነሣ አይቀርም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ስንል ኖረናል፤ ይህኛው ተረት እንኳ እውነት አለው፤ ቁጥርም ተገኝቶለታል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ የጅቦችን ዓይነ ምድር መርምረው ነበር። ከዐቢይ ጾም በፊት የአህያ ፀጉር የተገኘው በ14.8 በመቶው ውስጥ ነው። በጾሙ ወራት ወደ 33.1 በመቶ አሻቀበ፤ ከፋሲካ በኋላ መልሶ ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ ስንጾም ዕርድ ይቆማል፣ ለጅብ የሚጣለው ሆድ ዕቃና አጥንት ይጠፋል፣ ጅብም ወደ አህያ ይዞራል። ጾሙን ማን ይፈታዋል ቢባል፣ በአህያ ሥጋ የሚፈታው ጅብ ነው።

ስለ ጅቡ ራሱም እንደ አህያዋ ብዙ ይወራል። «ጅብ አንድ ዓመት ወንድ፣ አንድ ዓመት ሴት ነው» የሚለው ከሩቅ ካዩት ያሳስታል። የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ የወንድ ይመስላል፤ የምትወልደውም በዚያው ነው። በተፈጥሮዋ ከወንዱ ትልቃለች፣ ታዝዘዋለችም። ፆታዋ ግን አይለዋወጥም። ብረት ቀጥቃጭ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል የሚለውን ወሬ ደግሞ እንደ ቀልድ ልናልፈው አይገባም። ስንት ባለሙያ ቡዳ ተብሎ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልሎበታል፤ ያገለለው ሰው ግን በዚያው ቀጥቃጭ ማረሻ ያርስ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ሰባተኛ ዳር አገኘኋቸው። አህዮቹ ተራግፈዋል። አንዷ አቧራ ያለበት ደረቅ ጥግ አግኝታ በጀርባዋ ተንከባለለች፣ አራት እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ አጉረመረመች። «ዝናብ ልትጠራ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ኧረ የምን ዝናብ። ጀርባዋን በልቷት ነው» አሉና እስክትጨርስ ድረስ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቋት።