ቹምቤ፦ በክልከላ የቆየ ጸጥታ

ከዛንዚባር ከተማ በስተደቡብ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በጀልባ ሲኬድ፣ ቹምቤ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ስፋቷ 22 ሄክታር ገደማ ነው፤ ማደሪያዎቿ 7 ጎጆዎች ብቻ ናቸው። የጎጆዎቹ ጣሪያ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል፣ መብራታቸው ከፀሐይ ነው፣ መጸዳጃቸውም ውሃ አይፈልግም። እንግዳ እዚያ ሄዶ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ የውሃ መነጽር አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሶ፣ በደረቱ ተንሳፎ ቁልቁል ማየት። ስኖርክሊንግ የሚባለው ይኸው ነው። የጉዞ ማስታወቂያ እንዲህ ያለውን ቦታ «የሰው እጅ ያልነካው» ማለት ይወዳል። ቹምቤን ግን የሰው እጅ ነክቷታል፤ ጸጥታዋም ሰው አስቦበት ባወጣው ክልከላ የመጣ ነው። ጸጥ ያለ ደሴት የሚፈልግ መንገደኛ ስለ አሸዋው ንጣት ከመጠየቁ በፊት እዚያ ምን ምን እንደሚከለከል ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ላይ ዕድልም ረድቷታል። በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል በዳሬሰላምና በዛንዚባር መካከል የሚመላለሱ መርከቦች መተላለፊያ ስላለ፣ ትንንሽ ጀልባዎች መንገድ እንዳይዘጉ ዓሣ ማጥመድ አይፈቀድም ነበር። ትይዩዋ ባለው የዛንዚባር ዋና ደሴት ዳርቻ ደግሞ ሠራዊቱ የተኩስ ልምምድ ያደርግ ነበር፤ ጥይት ከሚጮህበት አጠገብ መረብ የሚጥል አይበዛም። እ.ኤ.አ. በ1904 ከቆመው የመርከብ መብራት ማማና ከማማው ጠባቂዎች ትንሽ መስጊድ በቀር ደሴቲቱ ላይ የተሠራ ነገር ብዙም አልነበረም። በ1994 የዛንዚባር መንግሥት በምዕራብ በኩል ያለውን ሪፍ፣ ማለትም ኮራሎች ባሕር ውስጥ የገነቡትን ግንብ፣ በሕግ ከልሎ አስተዳደሩን ለአንድ የግል ድርጅት ሰጠ። በፍርሃት ሲጠበቅ የኖረው ከዚያ ወዲያ በደንብ የሚጠበቅ ሆነ። ጠባቂዎቹም ከአቅራቢያ መንደሮች የተመለመሉ የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። መሣሪያ አይዙም፤ ክልሉን ጥሶ የገባን ጀልባ ተጠግተው የሚያነጋግሩት እንደ ሙያ ባልደረባ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለድንጋይ ነው ወይ የሚል ይኖራል፤ ኮራል ለሚያየው ድንጋይ ይመስላልና። ድንጋይ የሚመስለው ግን አጽሙ ነው። አጽሙን የሚገነቡት ብዙዎቹ ከጣት ጥፍር የሚያንሱ ለስላሳ እንስሳት ሲሆኑ፣ በሥጋቸው ውስጥ ዓይን የማያያቸው አልጌዎችን አስጠልለው ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ከሠሩትም አብዛኛውን ለባለቤቱ ይለቁለታል፤ እንደ ቤት ኪራይ መሆኑ ነው። ሪፍ የሚገነባ ኮራል ጥርት ያለና ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚወደው ለዚህ ነው። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ እንደ ቋጥኝ ክብ ሆኖ የሚያድገው ዓይነት በዓመት 1 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ነው። ለእፎይታ ብሎ አንድ ጊዜ እግሩን ያሳረፈበት ዋናተኛ የብዙ ዓመት ግንባታ ሊያፈርስ ይችላል።

ቹምቤ ጎብኚዎች የታመቀ አየር በጀርባቸው አዝለው እንዳይጠልቁ መከልከሏ ጠላቂዎችን ያስከፋል፤ እነሱ ስኖርክሊንግን እንደ ጀማሪ ጨዋታ ነው የሚቆጥሩት። ብርሃን የሚለው ግን ሌላ ነው። ውሃ ቀለሞችን እየመረጠ ይውጣል፤ 10 ሜትር ሳይሞላ ቀዩ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ሁሉ ነገር ወደ ሰማያዊ ያደላል። የኮራል ድምቀት በሙሉ ቀለሙ የሚታየው ላይ ላዩን ለሚንሳፈፍ ሰው ነው። ጆሮውን ለጣለም በቀቀን ዓሣ ኮራል ሲግጥ የጥርሱ ድምፅ ይሰማዋል። ዓሣው የበላውን አጽም ፈጭቶ የሚያወጣው ነጭ አሸዋ አድርጎ ነው። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት አሸዋ ከየት እንደመጣ ባይነገራቸው ሳይሻል አይቀርም። ባሕር ርቆት ያደገ፣ ዋና የማይችል ሰውም ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሶ መግባት ይችላል፤ ሰደርያው እግሩን ከኮራሉ ያርቅለታል። ጀርባን ከፀሐይ ለመከላከል ከቅባት ይልቅ እጅጌ ያለው ልብስ ይመረጣል፤ የፓስፊኳ ደሴታዊ አገር ፓላው በ2020 አንዳንድ የፀሐይ መከላከያ ቅባቶችን በሕግ የከለከለችው ለኮራሎቿ ስትል ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ጥቂት እንግዳ ማለት ውድ ዋጋ ማለት ነውና፣ የድሃ ዓሣ አጥማጆች ባሕር ተከልሎ የሀብታም መዋኛ ሆነ የሚል ወቀሳ ይነሳል። ወቀሳው በከፊል እውነት አለው፤ 7 ጎጆ ለሁሉም አይበቃም። ሆኖም ከእንግዶች የሚገኘው ገቢ የጠባቂዎቹን ደመወዝ ይከፍላል፣ የዛንዚባር ተማሪዎችንም በነጻ ወደ ሪፉ ያመጣል። በዚያ ላይ ዓሣ ድንበር አያውቅም፤ ተከልሎ የጎለመሰው ከክልሉ ወጥቶ መረብ ይገባል። ዋጋው ረክሶ በቀን መቶዎች ቢጎርፉ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሀብታምም ለድሃም የሚታይ ነገር አይተርፍም።

ሌላው ጥያቄ፣ ባሕሩ ራሱ እየሞቀ ክልከላ ምን ይፈይዳል የሚለው ነው። በ1998 እና በ2016 በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራብ ኮራሎች በሙቀት ነጥተዋል፤ ሙቀት ሲበዛ አልጌዎቹ ይወጣሉ፣ ኮራሉም ይራባል። ይህን ጠባቂ አያስቆመውም፤ እንዲያውም ጎብኚውን ዛንዚባር የሚያደርሰው አውሮፕላን ጭስ የሙቀቱ አንድ ምክንያት ነው። ሙቀቱ ካለፈ በኋላ ግን አዳዲስ የኮራል ጨቅላዎች ተጣብቀው የሚያድጉት ቅጠላማ አልጌ ባልሸፈነው አለት ላይ ነው። አለቱን ግጠው የሚያጸዱት በቀቀን ዓሣና መሰሎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚበዙት መረብ በማይጣልበት ውሃ ነው።