ቀዩ የዘይት መብራት ስለ ምን ይናገራል?

የመኪና ቁልፍ ዞሮ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ብዙ መብራቶች አንድ ላይ ይበራሉ። ከእነሱ አንዱ ከአፉ ጠብታ የሚንጠባጠብ ጀበና የሚመስል ቀይ ምስል ነው። የድሮ መካኒኮች ማሽን ያጠጡበት የነበረው የእጅ ዘይት ማጠጫ ምስል መሆኑ ነው። ሞተሩ ከተነሳ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይቆይ ይጠፋል፤ አብዛኛው ሹፌርም ከዚያ ወዲያ አያስታውሰውም። ዳሽቦርድ ላይ ካሉት መብራቶች ሁሉ ግን ለሞተሩ ሕይወት ከዚህ የቀረበ የለም። ቢጫው የሞተር ምርመራ መብራት በርቶ ሰዎች ለሳምንታት ይነዳሉ። የባትሪው ቀይ መብራት ቢበራም መኪናው የተወሰነ መንገድ ይወስዳል። የዘይቱ ቀይ መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ ግን የቀረው ጊዜ በደቂቃ፣ አንዳንዴም በሰከንድ የሚቆጠር ነው።

ይህን መብራት በተመለከተ ብዙ ሞተር ያስበላ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ሲበራ "ዘይት ጎድሏል፤ ማታ ቤት ስደርስ እጨምራለሁ" ብሎ መንገድ የሚቀጥል ሹፌር ጥቂት አይደለም። መብራቱ ግን በሞተሩ ውስጥ ስንት ሊትር ዘይት እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው የዘይቱን ግፊት ብቻ ነው። ሁለት ሊትር ጎድሎም መብራቱ ላይበራ ይችላል፤ ዘይቱ ልክ እስከ ምልክቱ ሞልቶም ሊበራ ይችላል።

ልዩነቱ እንዲገባን ወደ ሞተሩ ሆድ መግባት አለብን። የፒስተኖቹን ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስ ወደ መዞር የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት የሚቀመጠው ብሮንዚና በሚባሉ ስስ የብረት ቅጠሎች ላይ ነው። በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ብረቱ ከብረት ጋር አይነካካም፤ በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ በተዘረጋ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። ሽፋኑን የሚፈጥረው የዘንጉ መዞር ራሱ ነው፤ ከጎን እየፈሰሰ የሚያልቀውን ዘይት ሳያቋርጥ የሚተካው ደግሞ የዘይት ፓምፑ ነው። ፓምፑ ከሞተሩ ስር ካለው ቋት ዘይቱን በወንፊት በኩል ይስባል፤ በፊልትሮው ያሳልፈዋል፤ ከዚያም በሞተሩ አካል ውስጥ በተቦረቦረው ዋና መስመር በኩል ወደ ብሮንዚናዎቹ፣ ወደ ላይኛው ቫልቮች፣ ተርቦ ካለውም ወደ ተርቦው ይገፋዋል። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ስለሚዞር ዘይት ሲቋረጥበት ከሁሉም ቀድሞ የሚጎዳ ክፍል ነው።

ግፊት የሚመጣው ፓምፑ የሚልከው ዘይት በእነዚያ ጠባብ ክፍተቶች ለማለፍ ስለሚቸገር ነው። ክፍተቱ በእርጅና ሲሰፋ ዘይቱ በቀላሉ ያመልጣል፤ ግፊቱም ይወርዳል። ስለዚህ የዘይት ግፊት ሞተሩ ሳይፈታ የውስጥ ጤንነቱ የሚታይበት አንዱ ዋና መንገድ ነው። በመካኒኮች ዘንድ የቆየ ሻካራ መለኪያ አለ፦ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 0.7 ባር ገደማ። የአውቶሞቢል ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ እንደሚነፋ ስናስታውስ መጠኑን መገመት እንችላለን። ጤነኛ ሞተር በአውራ ጎዳና ላይ 3 ወይም 4 ባር ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም።

መብራቱን የሚያዘው ዕቃ እጅግ ቀላል ነው። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ በዋናው የዘይት መስመር ላይ በጥርስ የሚታሰር፣ በአብዛኞቹ መኪኖች አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ሴንሰር ነው። በውስጡ ስስ ሽፋንና ስፕሪንግ አለ። ሞተሩ ቆሞ ግፊት በሌለበት ጊዜ ስፕሪንጉ ሁለት የኤሌክትሪክ ነጥቦችን አገናኝቶ ይይዛል፤ ከመብራቱ የመጣው ኤሌክትሪክ በሴንሰሩ አልፎ ወደ ሞተሩ አካል፣ ማለትም ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳል፤ መብራቱም ይበራል። ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ሽፋኑን ሲገፋው ነጥቦቹ ይላቀቃሉ፤ መብራቱ ይጠፋል። ነገሩ ይኸው ነው። በአዳዲሶቹ መኪኖች መረጃው መጀመሪያ በኮምፒዩተር በኩል ያልፋል፣ ድምፅም ይጨመርበታል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም።

ሊሰመርበት የሚገባው ሴንሰሩ የሚነቃበት ደረጃ ነው። አብዛኞቹ ሴንሰሮች መብራቱን የሚያበሩት ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ወዳለው ሲወርድ ነው። ዝቅ ብሎ መወሰኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትኩስ ሞተር ቆሞ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ በተፈጥሮው ስለሚወርድ ደረጃው ከፍ ቢል መብራቱ በየትራፊክ መብራቱ ሥር እየበራ ሹፌሩን ያስደነግጥ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በ3000 ዙር 2 ባር የሚያስፈልገው ሞተር ግፊቱ 0.8 ባር ላይ ወድቆ እየተጎዳ መብራቱ ጠፍቶ ይቆያል። መብራቱ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለዚህ ተሳስቷል፤ ሲበራ ችግሩ ጀምሮ ሳይሆን ሩቅ ሄዶ ነው። የጀርመኑ ቮልስዋገን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ክፍተት ለመድፈን ሁለት ሴንሰር ያላቸው ሞተሮች አቅርቦ ነበር። አንደኛው በ0.3 ባር የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሞተሩ ከ2000 ዙር በላይ ሲዞር ግፊቱ ከ1.8 ባር ካነሰ መብራቱን እያብለጨለጨ ጥሪ ያሰማ ነበር። በእኔ እይታ ይህ አሠራር በየመኪናው ሊኖር ይገባ ነበር።

መኪና ሁልጊዜ ይህ መብራት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ የዘይት ፓምፕም የግፊት መለኪያም አልነበረውም፤ ሞተሩ ዘይቱን በራሱ ዙረት እየረጨ ይዞር ነበር። ባለቤቱ መጠኑን ለማወቅ ከመኪናው ሥር ገብቶ ከሁለቱ ትንንሽ ቧንቧዎች የትኛው እንደሚያንጠባጥብ ማየት ነበረበት። ፓምፕ ሲመጣ ቀስት ያለው የግፊት መለኪያ አብሮ መጣ። በ1930ዎቹ የአሜሪካው ሃድሰን በመለኪያው ፋንታ መብራት ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፤ ርካሽም ስለነበረ፣ ቀስት የማያይ ሹፌርም መብራት ስለሚያይ ሌሎቹ ተከተሉት። አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን በምታውቃት በቮልስዋ ላይ የዘይቱ መብራት በቀድሞዎቹ ሞዴሎች አረንጓዴ ነበር፤ ቀዩ የጄኔሬተሩ ነበር። ዛሬ አይኤስኦ 2575 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ምልክቱ አንድ ሆኗል፤ ቀይ አደጋን ያመለክታል። ቀስት ያለው መለኪያ የበለጠ ያውቃል ብሎ መተማመንም ሁልጊዜ አያዋጣም። ለምሳሌ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ በማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ የነበረው ቀስት ከኋላው ያለው ይኸው ማብሪያ ማጥፊያ ሴንሰር ስለነበር፣ ግፊት እስካለ ድረስ መሐል ላይ ቆሞ ይቀር ነበር።

መብራቱ የሚበራበት ሁኔታ ራሱ ስለ መንስኤው ይናገራል፤ ጥሩ መካኒክ በመጀመሪያ የሚጠይቀውም "መቼ በራ?" ብሎ ነው። መኪናው ሲታጠፍ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይም ዳገት ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱ ጎድሎ ፓምፑ በዘይት ፋንታ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ጠዋት ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝግታ ላይ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብሮንዚናው አርጅቷል፣ አለዚያም ዘይቱ ቀጥኗል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን በቀላሉ ያመልጣል። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ብርድ ላይ ምንም ያላሳየ አሮጌ መኪና ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ መብራቱ መንቀጥቀጥ ቢጀምር ምክንያቱ ይህ ነው። ለሞተሩ ከታዘዘው የቀጠነ ዘይት መሙላት፣ ነዳጅ ከዘይቱ ጋር መደባለቅ፣ ዘይት በጊዜው ሳይቀየር ረግቶ የፓምፑን ወንፊት መድፈን ወደ ተመሳሳይ ውጤት ያመራሉ። ዘይትና ፊልትሮ እንደተቀየረ ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ መብራቱ ከወትሮው ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ቢጠፋ ግን አያስደነግጥ፤ ባዶው ፊልትሮ እስኪሞላ ነው።

መንገድ ላይ ሲበራ የሚደረገው ነገር አጭር ነው። ከመንገድ ወጥተው ይቁሙ፤ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። "እስከ ጋራዡ ልድረስ" አይባልም። የዘይቱ ሽፋን ሲጠፋ ብረት ብረትን ይፈጫል፣ ሙቀቱ ብሮንዚናውን ያቀልጠዋል፣ በመጨረሻ ክራንክ ሻፍቱ ነክሶ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሞተር መውረዱ፣ ክራንክ ሻፍቱም ወደ ቶርኖ ቤት መሄዱ የማይቀር ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ሜዳ ላይ የዘይት መለኪያውን መዝዘው ይዩ። ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ ይሙሉና ያስነሱ፤ መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ መልሰው ያጥፉት። ጠፍቶም ዘይቱ የት እንደሄደ ሳይታወቅ ረጅም መንገድ መጀመር ተገቢ አይደለም። ዘይቱ ሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ጨርሶ አያስነሱ፤ መኪናው ይጎተት። የመጎተቻው ዋጋ ከሞተር ዋጋ ጋር ለንጽጽር የሚቀርብ አይደለም።

ትላልቅ የናፍጣ ጄኔሬተሮች የዘይት ግፊታቸው ሲወርድ ራሳቸውን ያጠፋሉ። መኪና ለምን እንዲህ አያደርግም? ሰው ተሸክሞ የሚሮጥ ስለሆነ ነው። በመቅደም ላይ ወይም በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ የመሪውና የፍሬኑ እገዛ ይዳከማል። ስለዚህ አምራቾቹ ውሳኔውን ለሹፌሩ ትተውታል፤ ሹፌሩ መብራቱ የሚለውን ማወቅ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጋራዥ ሲደርሱ "ሴንሰር ነው" የሚል ቃል ቶሎ ይሰማል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሴንሰሮች ያረጃሉ፣ በሽቦው ማያያዣ በኩልም ዘይት ያንጠባጥባሉ። ነገር ግን ይህ ሊባል የሚገባው ከተለካ በኋላ ነው። ሴንሰሩ ይፈታና በቦታው የእጅ የግፊት መለኪያ ይታሰራል፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞና በ2000 ዙር ያለው ግፊት ይነበባል፤ ቁጥሩም አምራቹ ካወጣው ጋር ይተያያል። ሳይለካ ሴንሰር ቀይሮ የሚሸኝ መካኒክ መብራቱን እንጂ ሞተሩን አላከመም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ከተደረገ ወዲህ በእጅ ያለን ሞተር ማቆየት የበፊቱን ያህል ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የመጨረሻው ነገር ያንን አንድ ሽቦ ይመለከታል። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ከሴንሰሩ ከተነቀለ መብራቱ ፈጽሞ አይበራም፤ ሹፌሩም ሁሉ ደህና ይመስለዋል። አምፖሉ ቢቃጠልም እንደዚያው ነው። ያረጀ ሞተር ያለውን መኪና ለመሸጥ ሽቦውን ሆን ብሎ መንቀልም በያለበት የታወቀ ማጭበርበር ነው። ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ ባለቤቱ ሞተሩን አስነስቶ እንዳይጠብቅዎ ይንገሩት። ኮፈኑን በእጅዎ ዳስሰው ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቁልፉን ራስዎ አዙረው ሳያስነሱ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። ቀዩ የዘይት መብራት ሊበራ ይገባል። ከዚያ አስነስተው በቂ መንገድ ይንዱት፤ ሞቆ በሚኒሞ ሲቆም መብራቱ እንደጠፋ መቆየት አለበት። ቁልፉ ዞሮ መብራቱ ካልበራ ምክንያቱ በመለኪያ ተረጋግጦ እስኪታወቅ ድረስ ቀብድ አይክፈሉ።