«በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?»

በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ነርስ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራኖቻችን ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ነገር ነበር፤ «ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ይሉን ነበር። በሽተኛውን መርፌ ወግተሽ ካርዱ ላይ ካልጻፍሽ፣ ተረኛዋ መጥታ ድጋሚ ልትወጋው ትችላለች። ይህን ትምህርት ዕድሜ ልኬን በሥራ ላይ ሳውለው ኖሬ፣ ቤቴ ሰርግ ሲመጣ ግን ረሳሁት። ዋጋውንም ከፈልኩ። ጥር እየቀረበ ስለሆነና ብዙዎቻችሁ አሁን አዳራሽ፣ ወጥ ሠሪ፣ ቪዲዮ ቀራጭ እያፈላለጋችሁ ስለምትሆኑ፣ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

በእኛ በጎጃም የሰርግ ወቅት ጠባብ ነው። አንዱ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። ሌላው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አዳራሽ ሁሉ የሚፈለገው በእነዚያ ጥቂት እሑዶች ነው። ብዙ ቤተሰብ አንድ እሑድ ሲሻማ የቸኮለ ሰው ሳይጠይቅ ይከፍላል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

የሚያዝያ 2012 ሰርግ

የመጀመሪያ ልጄ ሰርግ የተቆረጠው እሑድ ሚያዝያ 25 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሽማግሌዎች ቀኑን እንደጨረሱ፣ ገና በጥር ወር፣ ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ አዳራሽ ሄድኩ። ባለቤቱን ለብዙ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሚስቱን ሁለት ጊዜ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ኪራዩ 30,000 ብር፣ ቀብዱ 15,000 ብር ነው ተባልኩ። የሁለት ወር ደመወዜ ነበር። ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«ሲስተር፣ ሚስቴን ሁለቴ ያዋለድሽ ሰው ነሽ። በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለኝ።

አፈርኩ። ሰውየውን የጠረጠርኩት መሰለኝና ዝም ብዬ ወጣሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የወጣውም ደንብ መሰብሰብን ከለከለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ፣ አትሰብሰቡ» እያልኩ ሕዝቡን እለምናለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ለአምስት መቶ ሰው ጠላ የተሰናዳው ብቅልና ጌሾ ይጠብቀኛል። ሰርጉን ሰረዝን። ልጆቹ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ሥርዓታቸውን ፈጽመው፣ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰው ሆነን ምሳ በላን።

ድንኳኑና ወንበሩ የእድራችን ስለነበር ማንም ምንም አልጠየቀን። ወጥ ሠሪዋ የወሰደችውን 2,000 ብር ሳንጠይቃት ይዛ መጣች። የአዳራሹ ባለቤት ግን «ቀብድ አይመለስም፤ የቤቱ ደንብ ነው» አለኝ። ደንቡ የት ተጽፏል? የትም አልተጻፈም። «እሺ፣ ለሌላ ቀን አዛውርልኝ» ብለው «ያኔ ዋጋው ሌላ ነው» አለ። እሱም አዳራሹ ተዘግቶበት የሠራተኛ ደመወዝ እየከፈለ ነበር፤ ይህ ዛሬ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ሁለታችንም የምናሳየው ጽሑፍ ስላልነበረን የቀረን መጯጯህ ብቻ ነበር።

15,000 ብሩ ቀረ። ከብሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ እናልፍ ነበር።

ሕጉ ስለ ቀብድ ምን ይላል?

በ2016 ዓ.ም. የሁለተኛው ልጄ ሰርግ ሲመጣ፣ ሕግ የተማረውን የወንድሜን ልጅ ጠራሁት። «እትዬ፣ ቀብድ እኮ በሕግ የታወቀ ነገር ነው» ብሎ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ አነበበልኝ። በገባኝ መጠን እንዲህ ነው።

በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1884 መሠረት ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከሂሳቡ ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ዋናው ግን አንቀጽ 1885 ነው። ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ውሉን ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ ነው።

አብዛኞቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። «ቀብድ አይመለስም» የሚለውን ሁሉም ሰው በቃሉ ያውቀዋል። «እጥፍ ይመለሳል» የሚለውን ግን አዳራሽ ውስጥ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ደረሰኙ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ «ይህ ቀብድ አይደለም» የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የእጥፉን ጥበቃ የፈለገ ሰው «ቀብድ» የሚለው ቃል ራሱ ወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር ያድርግ። መጠኑንም አስቡበት። ቀብዱ ትልቅ ከሆነ ሰርጉን የሰረዛችሁት እናንተ ስትሆኑ ትልቅ ገንዘብ ታጣላችሁ። በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ እጥፉም ትንሽ ስለሚሆን፣ የተሻለ ከፋይ ሲመጣ እናንተን መተው ለአከራዩ ቀላል ይሆንለታል። እኔ ከጠቅላላ ዋጋው ሩቡን መርጫለሁ።

የጥር 2017 ሰርግ

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ሌላ አዳራሽ ተከራየን። ሰርጉ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዋጋው 80,000 ብር፣ ቀብዱ 20,000 ብር። ይህን ጊዜ ወረቀቱን እኔው ራሴ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ልጅ ነው። «እማማ፣ አያምኑኝም እንዴ?» አለኝ። «አምንሃለሁ ልጄ፤ የማላምነው የኔንም የአንተንም ማስታወስ ነው» አልኩት። ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበት በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1727 ስለተደነገገ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ነፃ ሆኖ የብር ዋጋ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የዘይቱም የሌላውም ዋጋ እንዴት እንደሄደ የማያውቅ የለም። ኅዳር ላይ ከአዳራሹ ተደወለ። «እማማ፣ ሁሉ ነገር ጨምሯል፤ 30,000 ብር ካልጨመሩ እሑዱን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን» ተባልኩ።

በ2012 ቢሆን አለቅስ ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን በፌስታል ይዤ ከአንድ የጎረቤት ሽማግሌ ጋር ሄድኩ። ሳንጮህ አነበብነው። ውሉን መፈጸም ከበፊቱ ስለከበደ ብቻ ውሉ እንደማይፈርስ፣ ዋጋ የሚለወጠውም ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ እንደሆነ በአንቀጽ 1764 ተጽፏል፤ ይህን ነገርነው። «ለሌላ ሰው ከሰጣችሁት 40,000 ብር ትመልሱልናላችሁ» አልን። ልጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ባለቤቱን ላናግር» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። ሰርጉ በተዋዋልንበት ዋጋ ተደገሰ። ለጄኔሬተር ነዳጅ የጨመረውን 3,000 ብር ግን በፈቃዴ ከፈልኩ። ነዳጅ መወደዱ እውነት ነበርና።

ምን ምን ይጻፍ?

ከሁለቱ ሰርጎች የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ማንነት። ገንዘቡን የምትሰጡት ለማን ነው? የንግድ ፈቃዱን ጠይቁ፤ የዘንድሮ መታደሱን እዩ። ፈቃዱ ላይ ያለው ስምና የሚፈርመው ሰው ስም ካልተገናኘ ምክንያቱን ጠይቁ። በባንክ ወይም በቴሌብር ስትከፍሉ በፈቃዱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ይሁን፤ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለጥር 18 ሰርግ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ። በእጅ ከከፈላችሁ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ።

ሁለተኛ፣ ዝርዝር። «አዳራሹን ከነዕቃው» የሚለው ቃል ጠብ ያመጣል። ስንት ወንበር፣ ስንት ጠረጴዛ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ፣ ነዳጁ የማን ነው፣ ውሃ ቢቋረጥስ፣ ለጽዳት ተጨማሪ ይጠየቃል ወይ፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ለወጥ ሠሪ ደግሞ ለስንት ሰው፣ ስንት ዓይነት ወጥ፣ ረዳቶቿን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ቬሎ ስትከራዩ ከቤቱ ከመውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የቀድሞ ነጠብጣብ በእናንተ ላይ እንዳይቆጠር።

ሦስተኛ፣ የአከፋፈል ደረጃ። ሁሉን በአንድ ጊዜ አትክፈሉ። ቀብድ፣ ከዚያ ሰርጉ ሲቃረብ የተወሰነ፣ የመጨረሻው ሥራው ሲያልቅ። በተለይ ፎቶና ቪዲዮ ላይ የመጨረሻውን ክፍያ አልበሙ እጃችሁ እስኪገባ አቆዩ። ሙሉ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው አልበሙን ለፋሲካ ብሎ ለመስቀል ሲያደርሰው አይተናል።

አራተኛ፣ «ባይሆንስ?» የሚለው ጥያቄ። ይህን በሰርግ ወሬ መካከል ማንሣት እንደ ሟርት ይቆጠራል። እኔ ግን ከኮሮና በኋላ ሟርት መሆኑ ቀርቶብኛል። ማንም አስቀድሞ ሊያስበው ያልቻለ፣ ውሉን ፈጽሞ የማያስፈጽም ነገር ሲመጣ በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ይባላል፤ ካሳ አያስከፍልም። የቀብዱ ዕጣ ግን በውሉ ካልተጻፈ መከራከሪያ ይሆናል። የቅርብ ዘመድ ሐዘንም አለ፤ ሰርጋችንን እንድናዛውር የሚያስገድደን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ እኔ በሁሉም ውሎቼ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በመንግሥት ክልከላ ወይም በመንገድ መዘጋት ምክንያት ሰርጉ በተባለው ቀን ካልተደረገ ወይም ባለሙያው መድረስ ካልቻለ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። በቅርብ ዘመድ ሞት ምክንያት ከተዛወረ ቀብዱ ለአዲሱ ቀን ይታሰባል።»

ይህች ሁለት መስመር ወዲያው ጠቀመችኝ። ቪዲዮ ቀራጩ ከባሕር ዳር የሚመጣ ነበር። በሰርጉ ሳምንት መንገዱ አላሳልፍ አለና መምጣት አልቻለም። እሱም አልተከራከረ፣ እኔም አልተቆጣሁ፤ 5,000 ብር ቀብዴን በዚያው ቀን በቴሌብር ላከልኝ። የሠፈራችን ፎቶ ቤት ልጅ በዚሁ ብር ቀረጸልን።

አምስተኛ፣ ብድር። ለሰርግ ከዘመድ ከተበደራችሁ ወይም ካበደራችሁ እሱም ይጻፍ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በእምነት ቃል ወይም በመሐላ እንደሆነ አንቀጽ 2472 ይናገራል። ዛሬ 500 ብር ምን ይገዛል? እንግዲህ የሰርግ ብድር ሁሉ ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው።

ወረቀት ፍቅር አያጠፋም

«ጎረቤትን አስፈርሞ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል?» የሚሉኝ አሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ሰው ሁሉ ሌባ ስለሆነ አይደለም። እድራችን እንኳ፣ ሁላችንም ተፈቃቅረን የምንኖርበት፣ የወጣውን ድንኳንና ብረት ድስት በመዝገብ ጽፎ አስፈርሞ ነው የሚሰጠው። ማን ተቀይሞ ያውቃል?

የመጀመሪያው አዳራሽ ባለቤት እናቱ በ2015 ዓ.ም. ዐረፉ። ለቅሶ ደረስኩ። ሲያየኝ ተነሥቶ እጄን ያዘና «ሲስተር» ብሎ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም እንባባላለን። ስለ 15,000 ብሩ ዛሬም ድረስ አንሥተን አናውቅም። በዚያ በጥር ቀን አንድ ወረቀት ብንፈራረም ኖሮ ብሩን ማን እንደሚያጣው ቢያንስ አስቀድመን እናውቅ ነበር፤ ሦስት ዓመትም አንኳረፍም ነበር።

ዘንድሮ የምትድሩ ሁሉ፣ አዳራሽ ለማየት ስትሄዱ እስክሪብቶና ሁለት ምስክር ይዛችሁ ሂዱ። መልካም ሰርግ ይሁንላችሁ።