የአትክልት ውልና የዋግ ድርቅ

የአትክልት ነጋዴ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ከገበሬው ጋር ዋጋውን፣ መጠኑንና የመረከቢያውን ቀን ቢዋዋል፣ ሁለቱም ከገበያ መውጣትና መውረድ ይድናሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቊጥር 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የጸና መሆኑን ደንግጓል።

ነገር ግን በቊጥር 1792 መሠረት ከዐቅም በላይ የሚባለው፣ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን ከመፈጸም ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው። በዋግ ኽምራ፣ በተከዜ አጠገብ ባለችው በሰሃላ ግን ድርቅ ያልታሰበ እንግዳ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናም በመጥፋቱ ሰውም ከብትም ተጐድቷል።

ስለዚህ በዚያ አገር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚዋዋል ነጋዴ፣ ውሃ ሲነጥፍ ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅና የዘሩ ብድር መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ሊወስን ይገባዋል። ይህ ከተዘለለ ገበሬው ባልበቀለ ሽንኩርት ባለዕዳ፣ ነጋዴውም የፍርድ ቤት ደጅ ጠኚ ሆኖ ይቀራል።