ያልዘመተው ተዋጊ

ፎቶው ላይ ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ አውሮፕላኖች ሜዳ ላይ ተሰልፈዋል። አፍንጫቸው ሹል ነው፣ ክንፋቸው አጠር ያለ፣ ጎናቸው ላይ የስኳድሮን ዓርማ ተስሏል። እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ፕሮፓጋንዳ ክፍል እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን በየጋዜጣው አስወጣና ሄንከል 113 የሚባል አዲስ ተዋጊ ሥራ መጀመሩን አስወራ። እንግሊዞች ወሬውን ተቀበሉት። የጠላት አውሮፕላን መለያ ሰነዳቸው ውስጥ አስገቡት፤ አብራሪዎቻቸውም ከሄንከል 113 ጋር ተታኩሰን መጣን እያሉ ሪፖርት ጻፉ። እንዲህ የሚባል አውሮፕላን ግን አልነበረም።

ፎቶ የተነሱት ሄንከል 100 ናቸው። አውሮፕላኑ ፈጣን ነበር፤ ለውድድር የተዘጋጀው አንዱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1939 በሰዓት 746 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ይሁን እንጂ የጀርመን አየር ኃይል አልገዛውም፤ የሚያስፈልገው ሞተር ለሜሰርሽሚት አውሮፕላኖች ተይዞ ነበር። ለውጊያ ተብለው የተሠሩት 12ቱ ሮስቶክ ከተማ የሚገኘውን የሄንከልን ፋብሪካ እንዲጠብቁ ተደረገ፤ የሚያበሯቸውም የፋብሪካው የሙከራ አብራሪዎች ነበሩ። እነዚያኑ አውሮፕላኖች ዓርማቸውን እየቀያየሩ ደጋግሞ ፎቶ ማንሳት ነው እንግዲህ ብዙ ስኳድሮን ያስመሰላቸው።

የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች ይህን ታሪክ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። የእነሱም ሥራ ግማሹ ማጣበቅና መቀባት ቢሆን፣ ግማሹ በደበዘዘ ፎቶ ላይ ያለው አውሮፕላን የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ሁለቱ ሥራዎች ድሮም ዘመዳሞች ናቸው። ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ምርት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ በ1፡72 ልኬት የፕላስቲክ ሞዴል ይሸጥ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዚያው ልኬት ግማሽ ሚሊዮን የእንጨት ሞዴል ጠርበው፣ ጥቁር ቀብተው እንዲሰጡት ጠየቀ። ልኬቱ ለማሠልጠኛ የተመቸ ነው፦ ሞዴሉን 10 ሜትር ርቆ የሚያይ ወታደር፣ እውነተኛውን በ720 ሜትር ርቀት እንዳየ ይቆጠራል። ጥቁር የሆነውም ሰማይ ላይ ያለ አውሮፕላን ቀለሙ ሳይሆን ቅርጹ ስለሚታይ ነው።

ታዲያ ሄንከል 100ን ከሜሰርሽሚት 109 በምን ይለዩታል? መጀመሪያ እግሩን ያያሉ። የሜሰርሽሚቱ እግሮች ከሆዱ ሥር ተጠጋግተው ይነሡና ወደ ውጭ፣ ወደ ክንፉ ጫፍ ይታጠፋሉ፤ የሄንከሉ ተራርቀው ቆመው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ቀጥሎ ራዲያተሩን ይፈልጋሉ። በጦርነቱ መጀመሪያ የነበረው ሜሰርሽሚት በሁለቱም ክንፎች ሥር ራዲያተር ነበረው። የሄንከል መሐንዲሶች ደግሞ የሞተሩ ውኃ በእንፋሎት መልክ በክንፉ ቆዳ ውስጥ አልፎ እንዲቀዘቅዝ አድርገው ስለነበር፣ ከሆዱ ሥር ብቅ የምትል አንዲት ትንሽ ራዲያተር ብቻ ጨመሩለት። ክንፉ እንዲያ የጸዳው ለዚህ ነው። (ክንፉን ሁሉ ራዲያተር ያደረገ አውሮፕላን በጥይት ሲመታ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም።)

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፎቶ ይዞ በእርጋታ ለሚመለከት ሰው ነው። በረራ ላይ እግር ይታጠፋል፤ ተኩስ ውስጥ ያለ አብራሪም የሚያየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ ሄንከል 113 የተባሉት በአብዛኛው ሜሰርሽሚት 109 ሳይሆኑ አልቀሩም። አብራሪዎቹን አልወቅሳቸውም፤ ይመጣል የተባለውን ነው ያዩት።

የቀለሙ ነገር ከቅርጹ ይብሳል። በዚያ ዘመን ይሠራባቸው ከነበሩት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች አንዱ ዓይነት ቀይ ብርሃን አይቀበልም፤ ቀዩ ጥቁር፣ ቢጫውም ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ ሰማያዊው ግን ይገረጣል። ሞዴል ሠሪው ፎቶው ላይ ጥቁር ያየውን ዓርማ ጥቁር ከመቀባቱ በፊት ፊልሙ የትኛው እንደነበር ማሰብ አለበት። ሄዶ የሚያየው አውሮፕላንም የለም፤ ከሄንከል 100 አንድም አልተረፈም። በዚህ በኩል የእኛዋ አውሮፕላን «ፀሐይ» ዕድለኛ ናት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ፣ ጣልያን ተወስዳ ሙዚየም ውስጥ ኖራ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች፤ ሞዴሏን መሥራት የሚፈልግ ሰው እውነተኛዋን በሜትር ሊለካ ይችላል።

የሄንከል 100 ሞዴል በ1፡72 ሲሠራ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ክንፉ ተጣብቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ውኃ ውስጥ ነክረው የሚለጥፉት ዓርማ ላይ ሲደርሱ ክርክር ይነሣል። አንዳንዱ ስኳድሮኑ ስላልነበረ ዓርማውን መለጠፍ ስህተት ነው ይላል። እኔ ብሆን እለጥፈዋለሁ። ሠዓሊው ብሩሽ ይዞ መጥቶ በእርግጥ ቀብቶታል፤ ፎቶ አንሺው እስኪጨርስም አውሮፕላኑ ላይ ነበር።