«ሰው ጨምሩበት»፦ ስለሚጓተት ሶፍትዌር የሚነገሩ ተረቶችና ሲሙሌሽን ያሳየው እውነታ

የሶፍትዌር ሥራ ሲጓተት ከአለቃ አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ሰው ጨምሩበት» የሚለው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። በአይቢኤም ኦኤስ 360 የተባለውን የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ ተቃራኒውን ጻፈ፤ በዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይብሱን ያዘገየዋል አለ። አዲስ የመጣው ልጅ ኮዱን እስኪለምደው የሚያስረዳው ነባሩ ነው፤ ሲያስረዳ ደግሞ የራሱ ሥራ ይቆማል። በዚያ ላይ መነጋገር ያለባቸው ጥንዶች ይበዛሉ። በአምስት ሰዎች መካከል 10 የነበረው የሁለት ለሁለት ግንኙነት ሰዎቹ አሥር ሲሆኑ 45 ይደርሳል።

ከዚህ ደግሞ ሌላ ተረት ተወለደ፤ «ሰው መጨመር ምንጊዜም ስህተት ነው» የሚል። ብሩክስ ራሱ እንኳ ነገሩን ከልክ በላይ እንዳቀለለው አልደበቀም። ተመራማሪዎቹ ታሬክ አብደል ሐሚድና ስቱዋርት ማድኒክ ጉዳዩን በክርክር ከመፍታት ይልቅ በኮምፒውተር ሞዴል አስኬዱት። ጄይ ፎረስተር በኤምአይቲ የጀመረውን ሲስተም ዳይናሚክስ የተባለ ዘዴ ተጠቅመው ቅጥር፣ ሥልጠና፣ የኮድ ስህተትና የጊዜ ጫና አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚገፋ በቀመር አያያዙ፤ ሞዴሉንም በናሳ ጎዳርድ ማዕከል በተጠናቀቀ እውነተኛ ፕሮጀክት ፈተኑት። የደረሱበት ውጤት እንዲህ ነው፦ ዘግይቶ ሰው መጨመር ወጪውን ያንራል፤ የመጨረሻውን ቀን የሚያርቀው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ዋናው ነገር የሚጨመርበት ጊዜ ነው። በእኔ አስተያየት በኮምፒውተር አስመስሎ የማስኬድ፣ ማለትም የሲሙሌሽን፣ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ በእውነተኛ ቡድን ላይ ሊሞከር የማይችለውን ያስሞክራል።

«ሁሉም በጊዜው አደርሳለሁ ካለ ፕሮጀክቱም በጊዜው ይደርሳል» የሚለውስ? አምስት ቡድኖች ጎን ለጎን ይሠራሉ እንበል፤ ምርቱ የሚለቀቀው የአምስቱም ሥራ ሲገጣጠም ነው። እያንዳንዱ ቡድን እስከ አርብ የመጨረስ ዕድሉ 80 በመቶ ነው። 80 በመቶ ጥሩ ይመስላል፤ ስብሰባ ላይ ማንም አይጠይቀውም። አንዱ መዘግየቱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ግን አምስቱም አርብ የመድረስ ዕድላቸው 0.8 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 33 በመቶ ገደማ ነው። ማለትም ከሦስት አርቦች ሁለቱ ይበላሻሉ። ሥራዎቹ ሲበዙና አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሒሳቡ በወረቀት አይገፋም። ሞንቴ ካርሎ የሚባለው፣ የሒሳብ ሊቃውንቱ ኡላምና ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሎስ አላሞስ ለኒውክሌር ስሌት ያመጡት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሥራ ከሚቻሉት ቀኖች አንዱን በዕጣ እያወጣ ፕሮጀክቱን በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ያስኬደዋል።

«90 በመቶ አልቋል፣ ትንሽ ነው የቀረው» የሚለውን የማያውቅ የለም። የቀረው 10 በመቶ ለወራት አይነቃነቅም፤ አልቋል በተባለው ውስጥ ገና ያልተገኘ ስህተት ተደብቋልና። ይህን የድጋሚ ሥራ ዑደት በሞዴል ያሳየው የሲስተም ዳይናሚክስ ባለሙያው ኬን ኩፐር ነው፤ መነሻው ሶፍትዌር ሳይሆን ኢንጋልስ የተባለ የመርከብ ፋብሪካ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋር የገባበት የካሳ ክርክር ነበር። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ1978 በ447 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

«ሲሙሌሽን የማለቂያውን ቀን ይነግርሃል» የሚለውም ተረት ነው። የሚሰጠው ቀኖችን ከነዕድላቸው ነው፤ ግምቱን የሰጡት ሰዎች አለቃን ለማስደሰት ቀኑን ካሳጠሩት ደግሞ ሞዴሉ ያንኑ ምኞት እየደጋገመ ያስኬዳል። ለዚህ ውድ ሶፍትዌር ያስፈልጋል የሚባለውም እውነት አይደለም። አምስት ቀን ይበቃዋል የተባለው ሥራ ስንት ቀን እንደፈጀ የሚያሳይ መዝገብ ብዙ ቡድኖች አላቸው፤ ያንን ኤክሴል ላይ ገልብጦ በዕጣ ቁጥር ማስኬድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።